ሽታ የሌለው ቤት

አጎትየው የሞቱት እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። ሁለት ቁራሽ ዳቦ በማርማላታ በልተው፣ «እስቲ አንድ ጨምሩልኝ» ብለው፣ የተሰጣቸውን ወደ አፋቸው ሳያደርሱ ወገባቸው እንደ ደጋን ተለመጠ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። መንጋጋቸው ተቆልፎ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ እግራቸው ወለሉን እየደበደበ ሲንፈራገጡ ያዩ ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ሻይ የምትቀዳው ሚስታቸው፣ ሳህን ይዛ የቆመችው እህታቸው፣ እና የሟች ወንድማቸው ልጅ። ሐኪሙ ሲደርስ የሚያክመው ሰው አላገኘም።

«ገደለችው!» አለች እህት፣ ሳህኑን ከእጇ ለቅቃ። «በእጇ ቀብታ፣ በእጇ አቀብላ ገደለችው! ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!»

 ሚስት ማንቆርቆሪያውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች፣ ፈጦ የቀረውን ዓይን በመዳፏ ከደነች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። የወንድም ልጅ ይህን ልብ አለ።

ይህን የወንድም ልጅ ሰው ሁሉ «ትንሹ» ይለዋል። ሠላሳ ሊደፍን ነው፣ ጢሙ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ግን ምን ያደርጋል፣ በልጅነቱ የወጣለት ስም እንደተጣበቀበት ቀረ። አባቱ ሲሞት አንስታ ያሳደገችው ይህችው ሳህን የጣለችው አክስቱ ናት። እሷ አላገባችም፣ አልወለደችም። ለወንድሟ ቤት ጠባቂ፣ ለትንሹ እናት ሆና ፀጉሯ ሸበተ። ቤቱ አንድ ቀን የትንሹ እንደሚሆን ከልጅነቱ ጀምራ ነግራዋለች። እሱም አምኖ ነው ያደገው።

ስለ ቤቱ ሳይነገር ደግሞ ነገሩ አይገባም። ከቤተሰቡ የሻይ መጋዘን በላይ፣ ጉብታው ላይ የቆመ ባለ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብ፣ ጉም ሲወርድ ከመንገድ የማይታይ። እንግዳ ሰው በሩን አልፎ ሲገባ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ይጨንቀዋል። የጎደለው ሽታ ነው። በዚያ ቤት ሽንኩርት አይጠበስም፣ በርበሬ አይገባም፣ አበባ አይቀመጥም፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ከደጅ ይመለሳል፣ ሳሙናው እንኳን ምንም የማይሸት ነው። ምክንያቱም አጎትየው ሻይ ቀማሽ ናቸው። ነጋዴው ሁሉ «ምላስ» ነው የሚላቸው። አንድ ማንኪያ ሻይ በድምፅ ምጥጥ አድርገው፣ አፋቸው ውስጥ አንከባልለው፣ እባልዲው ውስጥ እንትፍ ይሉና «ይሄ ዝናብ ነክቶታል» ወይ «ይሄ ደህና ነው» ይላሉ። ያቺ ቃል የቅጠሉን ዋጋ ታወጣለች ወይም ትጥላለች። ለዚያች ምላስ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ እንደ በሽተኛ የተቀቀለና ጨው ያነሰው ሲበላ ኖረ።

እሁድ ብቻ ቅምሻ የለም። ስለዚህ እሁድ አጎትየው እህታቸው የምታፈላውን የትርንጎ ማርማላታ ይበላሉ። ልጣጩ ከነምሬቱ የገባበት፣ ስኳሩ ጥርስ የሚያሳምም ነገር ነው። ከእሳቸው በቀር የሚነካው የለም።

ሚስታቸውን ያገቡት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የመጣችው ከሩቅ ነው፤ አንድ ባል ቀብራለች፤ በምን እንደሞተባት ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። ለአጎትየው ልጃቸው የምትሆን ናት፣ ከትንሹ ደግሞ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ትንሹ ይወዳታል። ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» ይላታል፤ በሆዱ ግን ከመጣችበት ሳምንት ጀምሮ «አንቺ» ነው። ደረጃው ላይ ሲተላለፉ ግድግዳውን ተደግፎ ያሳልፋታል፤ ካለፈች በኋላም እዚያው ቆሞ ይቀራል። ወይ ፍቅር! ሰውን እንዲህ የግድግዳ ጌጥ ያደርገዋል።

ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት ግን አጎትየው ሚስታቸውን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ተመልሰው እራት ላይ ተናገሩ። «ኑዛዜዬን ለውጫለሁ። ቤቱም ንግዱም የእሷ ነው። ትንሹ በንግዱ ውስጥ ያለው ሥራው አይነካበትም።» ያለ ማብራሪያ፣ እንደዚሁ። አክስት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ትንሹ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ፣ አክስቱም ተከተለችው፣ እዚያም ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ሜዳ ላይ ወደቅኩ አክስቴ። ሜዳ ላይ።» ያስለቀሰው ንብረቱ ነው ወይስ ሴትየዋ ይህን ፈልጋ ነው ያገባችው ብሎ ማሰቡ፣ እሱም ለይቶ አያውቀውም።

እንግዲህ እሁድ ሰውየው ሲሞቱ፣ ስልኩን አንስቶ ለፖሊስ የደወለው ትንሹ ነው። «የአጎቴን ሚስት እጠረጥራለሁ» አለ። ቀና ሲል ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማዋለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

*

የመጣችው መርማሪ አጭር፣ ሃምሳ ያለፋት፣ የወንድ ካፖርት የደረበች ሴት ናት። ጉንጯ ውስጥ የሚንት ከረሜላ ታንከባልላለች። ሽታው ገና ከበሩ ሲገባ ቤቱ ሁሉ የታወከ መሰለ።

«ከረሜላሽን ትፊው!» አለች አክስት፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ። «እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይገባም!»

«ከእንግዲህ ማንን ይሸተዋል እትዬ?» አለች መርማሪዋ። ግን ታዛዥ ናትና ወረቀት አውጥታ ጠቀለለችው። ከዚያ ወደ ትንሹ ዞረች። «የደወልከው አንተ ነህ? እንግዲያው አንተው ምራኝ። ከአጠገቤ አትራቅ። እኔ ሰውን ለብቻው ማናገር አልወድም፤ የሚያውቀው ሰው ቆሞ ሲሰማው ውሸት ይከብደዋል።»

ጠረጴዛው እንደነበረ ነው። ጎንበስ ብላ ዳቦውን፣ ቢላዋውን፣ ግማሽ የቀረውን የማርማላታ ማሰሮ አየች።

«ስትበሉ የት ተቀምጠህ ነበር?»

«ፊት ለፊታቸው።»

«እሳቸው ሲበሉ ፊታቸውን አይተሃል? ተኮሳተሩ? ሊተፉ አላሉም?»

«ኧረ በፍጹም። እንደ ሁልጊዜው ነው። እንዲያውም አክስቴን አመሰገኗት። ‹እጅሽ እንደ ድሮው ነው› አሏት። ከዚያ ጨምሩልኝ አሉ።»

«ጨምሩልኝ አሉ» ብላ ደገመችው መርማሪዋ። ያንን ቃል ሁለት ጊዜ ለራሷ አጉተመተመችው። ከዚያ ማሰሮውንም ዳቦውንም አሽጋ ለላቦራቶሪ ላከች።

አክስትን ያነጋገረቻት ወጥ ቤት ነው። ድስቶቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል፣ ምድጃው ያበራል። አክስት የሌላ ሰው እጅ ምድጃውን ሲነካ አትወድም፤ ሠራተኛም አታስገባም።

«ማርማላታውን ማን ነው የሚያፈላው?»

«እኔ ነኛ! በወሩ መጀመሪያ አፈላዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እሳት አያየውም፣ እኔም አልነካውም። ጓዳ ይቀመጣል። እሁድ እሁድ አውጥታ የምትቀባለት እሷ ናት። ባል አፍቃሪ መስላ!»

«ጓዳው ይቆለፋል?»

«ከማን ይቆለፋል? ከቤተሰብ? እንዲህ ያለ እባብ ይገባል ብለን መቼ አሰብን?» አክስት የትንሹን እጅ ይዛ ጨበጠች። «ሕጉ ገዳይን አያወርስም አይደል? እንደዚያ ነው ሲባል የሰማሁት። ንገሪኝ እስቲ፣ አይወርስም አይደል?»

«አይወርስም» አለች መርማሪዋ። «ያን ጊዜ ንብረቱ ወደ ቅርብ ዘመድ ይዞራል።»

ትንሹ አፈረ። ሬሳው ገና ከላይ ቤት ተጋድሞ ስለ ውርስ መወራቱ አሳፈረው። እጁን ቀስ ብሎ ከአክስቱ እጅ አወጣ።

መጋዘኑ ውስጥ ያገኙት ኃላፊውን ነው። ሠራተኞቹ «አባ ጭጭ» ይሉታል፤ አፉን ለመክፈት ጥሪት የሚከፍል ይመስል ዝም ያለ ሰው ነው። መርዝ ይኖር እንደሆነ ስትጠይቀው ከመደርደሪያው አናት ላይ የአይጥ መርዝ የነበረበትን ቆርቆሮ አወረደላት። አቧራ የለበሰ ነው፤ ክዳኑ ግን ተጠርጓል።

«መራራ ነው?» አለች።

«ምላስ ይቆርጣል። አይጥ እንኳን እምቢ እያለን ነው የተውነው።»

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ላይ ቤት፣ ወጥ ቤት በር ኋላ፣ ምስማር ላይ።»

«ቅምሻ ላይ ትገኛለህ?»

«ድሮ እገኝ ነበር።»

«ለምን ተውክ?»

አባ ጭጭ ጫማውን አየ። «ቀረ።»

«እንዴት ቀረ?»

«በቃ ቀረ፣ ኢንስፔክተር።» ከዚህ ሌላ ቃል በመቆንጠጫም አይወጣለትም ነበር።

ሚስትን ያገኟት መቅመሻ ክፍሉ ውስጥ ነው። ረጅም ነጭ ጠረጴዛ፣ የተደረደሩ ነጫጭ ስኒዎች፣ ሁለት መትፊያ ባልዲዎች። መስኮቱ ላይ ጉሙ ተለጥፏል። ከል ለብሳ ስኒዎቹን አንድ በአንድ እየወለወለች ነበር። ትንሹ ፊቷን አየ። እንዲህ ያለ ፊት ሰው መርዞ እንዴት እንዲህ ይረጋጋል? ካልመረዘችስ እንዴት እንዲህ ይረጋጋል?

«ባልዲው ለምን ሁለት ሆነ?» አለች መርማሪዋ።

«አንዱ የእኔ ነው። የሻዩን ሙቀት አይላቸው ነበር።»

«ሙቀት ለማየት መትፋት ያስፈልጋል?»

ሚስት ስኒውን መወልወሏን አላቆመችም። ያን ጊዜ ትንሹ መታገስ አቃተው።

«ሁልጊዜ ከእሳቸው ቀድመው ስኒው ውስጥ እጅዎን ያስገባሉ!» አለ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። «ማንኪያውን ወዲህ ወዲያ ሲያዞሩ፣ በዓይን ሲጠቅሷቸው አይቻለሁ! በበሩ ስንጥቅ አይቻለሁ! ምን ነበር የሚያደርጉት?»

ሚስት ቀና ብላ አየችው። «በበር ስንጥቅ ታየኝ ነበር?» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ድካም ብቻ ነው ያለበት።

«መልሺለት እስቲ» አለች መርማሪዋ።

«የምመልሰው የለኝም።»

«የመጀመሪያ ባልሽስ በምን ሞተ?»

«በሳንባ በሽታ። ሁለት ዓመት አስታምሜዋለሁ። ለሰው የማልናገረው ሐዘኔ የመንደር ወሬ እንዳይሆን ብዬ ነው። አሁን ሆነ።»

«ብትናገሪ ይሻልሻል። እንደ ነገሩ አካሄድ ነገ ከነገ ወዲያ የማስረው አንቺን ነው።»

«እሰሩኝ እንግዲህ» አለች ሚስት፣ ሌላ ስኒ እያነሳች።

ትንሹ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ንጹሕ ከሆነች ለምን አትናገርም? ካልሆነች ደግሞ እሱ የገዳይ አፍቃሪ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ማወቅ አቃተው። እሷ የጠጣችበትን ስኒ ሳይቀር እየሸሸ፣ ቀብሩ እስኪያልፍ እህል በአፉ ሳይዞር ሰነበተ።

*

ከቀብር በኋላ፣ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይገፈፍ በዋለበት አንድ ከሰዓት፣ መርማሪዋ አራቱንም መቅመሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። አክስት ከትንሹ ጎን ተቀመጠች፣ አባ ጭጭ ከግድግዳው ተለጠፈ፣ ሚስት ባሏ ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር አጠገብ ቆማ ቀረች። መርማሪዋ ከረሜላዋን አወጣች፣ አሁን ግን የሚከለክላት አልነበረም።

«ላቦራቶሪው መልሱን ሰጥቶናል» አለች። «መርዙ ማርማላታው ውስጥ ነው። ያም መጋዘኑ ውስጥ ያለው የአይጥ መርዝ ዱቄት ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ይሄ አይደለም። የመረመረው ሰው ምን አለኝ መሰላችሁ? ምሬቱ እንዲህ የበዛ ነውና ትርንጎውም ስኳሩም አልሸፈነውም። ጤነኛ ሰው ገና ምላሱን ሲነካው እንትፍ ይላል አለኝ።» ዞር ብላ ትንሹን አየችው። «አንተ ደግሞ አጎትህ ሁለት ቁራሽ በልተው ጨምሩልኝ እንዳሉ ነገርከኝ። ፊታቸው እንኳን አልተኮሳተረም። እስቲ ንገሩኝ። አገር ያደነቀው ምላስ፣ አይጥ እምቢ ያለውን ምሬት እንዴት ሳያውቀው ቀረ?»

 ትንሹ አጎቱ በዚያ ጠዋት ሲያላምጡ በዓይኑ ዞረበት፤ በቀስታ፣ በግዴለሽነት፣ ጋዜጣቸውን እያገላበጡ። እንዴት እስከዛሬ አላሰበውም?

«ምላሱ የለማ» አለች መርማሪዋ። «ምላሱ ከሰውየው ቀድሞ ሞቷል። አባ ጭጭ፣ አሁን ትናገራለህ ወይስ በመሐላ ላስጠራህ?»

አባ ጭጭ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ከባድ ትኩሳት አሟቸው ከዳኑ በኋላ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ያልነበሩ ቀን፣ ሻጋታ የነካው ሻይ በስህተት አቀረብኩላቸው። ‹ግሩም ነው› አሉኝ። ገባኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቅምሻ ላይ መቆም አፈርኩ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።» በሕይወቱ እንዲህ ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም ይሆናል።

«ሁለት ዓመት!» አለች አክስት። «ምን ይቀባጥራል ይሄ ሰውዬ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቀምሰው ማን ነበር ታዲያ?» መርማሪዋ ወደ ሚስት ዞረች። «ሁለት ባልዲ። ከባሏ ቀድማ የምትቀምስ ሴት። ማንኪያው ወዲህ ሲዞር ደህና ነው፣ ወዲያ ሲዞር አይረባም። ተሳሳትኩ?»

ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አልተሳሳቱም» አለች። «አባቴም ሻይ ቀማሽ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለምነውኝ ነው። ‹ምላሴ ሞተ ከተባልኩ እኔ ራሴ ሞቻለሁ› አሉኝ። እኔም ማልኩላቸው። ኑዛዜውም ለዚህ ነው። ‹ንግዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ስሙ ብቻ ነው የኔ› ብለው ነው።»

«ይህንን ብትናገሪ ነጻ ትወጪ ነበር እኮ!» አለች መርማሪዋ።

«ሬሳቸው ሳይቀበር ስማቸውን ልቅበር?»

ትንሹ ቦታው ላይ ውሃ ሆነ። በበር ስንጥቅ ሲያየው የኖረው ተንኮል፣ አንዲት ሴት የአንድ ሽማግሌ ገመና ስትሸፍን ነበር።

«አሁን ነገሩን ተከተሉኝ» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ መርዙን ለመደበቅ ምን አደረገ? ቤቱ ውስጥ ያለውን ከሁሉ የከረረ ጣዕም መረጠ። ለዚያም እሁድን ጠበቀ። ለምን? የሰውየውን ምላስ ስለፈራ ነው። ይህች ሴት ግን ምን ያስፈራታል? አባ ጭጭስ? ሁለቱም ምላሱ እንደሞተ ያውቃሉ። በማንኛውም ቀን፣ በባዶ ውሃ ቢሰጧቸው ይጠጡላቸዋል። ምላሱን የሚፈራ ሰው ምላሱ በሕይወት ያለ የመሰለው ሰው ነው።»

«አውቃ፣ የማታውቅ ለመምሰል አድርጋው ቢሆንስ?» አለች አክስት።

«ጥሩ ጥያቄ ነው እትዬ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ማምለጫዋን አዘጋጅታ ሳትጠቀምበት ለምን ልትታሰር ትፈቅዳለች? እሰሩኝ ነው ያለችኝ።» መርማሪዋ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዞረች። «ስለዚህ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ምላሱን ያመኑ ሁለት ሰዎች።»

አክስትና ትንሹ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ነው። 

«ከሁለቱ የሚጠቀመው ማን ነው?» አለች መርማሪዋ፣ ጠረጴዛውን ዞራ ወደ ትንሹ እየመጣች። «ኑዛዜው በሳምንቱ ውስጥ ተለወጠ። ልጁ ሜዳ ላይ ወደቀ። ሰውየውን መግደል ብቻውን አይጠቅመውም፤ ሚስትየዋ ካልተፈረደባት ቤቱ አይመለስለትም። ስለዚህ እሷ በእጇ የምትቀባው ነገር ውስጥ ተደረገ። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ስልክ ያነሳው ማን ነው? እሷን በስም የከሰሰው ማን ነው? በዚህ ክፍል ውስጥ ጮሆ ማንኪያ ታዞራለች ያለኝ ማን ነው?»

«እኔ… እኔ አልነካሁም» አለ ትንሹ።  ሚስትን አያት። እሷም ታየዋለች፤ በፊቷ ላይ ያየው እሱ ራሱ ሰሞኑን ሲያያት የነበረበትን ጥርጣሬ ነው። ያ ከሁሉ በላይ ወጋው።

«የመጋዘኑ ቁልፍ ምስማር ላይ ነው። ጓዳው ክፍት ነው። ተነሳ እስቲ» አለች መርማሪዋ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ።

«ተይው!»

አክስት ቆማለች። ወንበሯ ከኋላዋ ወድቋል። «እሱን ተይው! እሱ እንቁላል መቀቀል የማያውቅ ልጅ ነው! እኔ ነኝ። እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ! እጁን ልቀቅ አንተ!»

ፖሊሱ ገና የትንሹን እጅ አልነካም። አክስት ግን መሃላቸው ገብታ በሁለት እጇ ሸፍናዋለች።

«አፈላሁት» አለች። «ቅዳሜ ከዱቄቱ ጋር መልሼ አፈላሁት። ልጄ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ሜዳ ላይ ወደቅኩ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቤቱ ያንተ ነው እያልኩ አሳድጌው፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ሴት መጥታ ትውሰደው? ወንድሜ ሳይጠይቀኝ፣ አንድ ቃል ሳያማክረኝ! የእኔን ልፋት እንደ ትቢያ አራግፎት!»

«አክስቴ» አለ ትንሹ። 

መርማሪዋ በቀስታ ተናገረች። «መርዙ ከላይ አልተነሰነሰም፤ እስከ ማሰሮው ሥር እኩል ሟሙቷል። እሳት አይቷል ማለት ነው። እርስዎ ግን ከወሩ መጀመሪያ ወዲህ እሳት አላየም አሉኝ። ያንን ምድጃ ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚለኩሰው የለም። ይሄን ይዤ ነበር፤ ግን ጠበቃ ይከራከርበታል። ለዚህ ልጅ ሲሉ ግን እርስዎ እንደሚናገሩ አውቅ ነበር። ይቅር ይበለኝ፣ ልጁን ያስፈራራሁት ለዚህ ነው።»

አክስት አልሰማቻትም። ሚስትን ነበር የምታየው። «አልቀመሰውም ነው የምትሉት?» አለች። «እጅሽ እንደ ድሮው ነው ብሎኝ ነበር። በዚያ ጠዋት። እየበላ።»

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች ሚስት። «ምንም ባይቀምሱትም እሁድን ይጠብቁት ነበር። በልጅነታቸው እርስዎ ያፈሉላቸው የነበረውን እያስታወሱ ነው የሚበሉት። እርስዎ እንዳያዝኑ ብለው አልነገሩዎትም።»

አክስት ያን ጊዜ ተቀመጠች። ወንበሩ ወድቋልና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፖሊሱ ሲያነሳት አልታገለችም።

*

በሳምንቱ ሚስት ትንሹን መቅመሻ ክፍሉ ውስጥ ጠራችው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል። ነጋዴዎቹን ሰብስባ እውነቱን በራሷ አፍ ነግራቸዋለች፤ ግማሾቹ ተቆጥተው ሄደዋል፣ ግማሾቹ «ሁለት ዓመት ያላሳሳተችን ምላስ አሁንም አታሳስተንም» ብለው ቆይተዋል። ቤቱም ንግዱም የእሷ ነው።

ትንሹ በሩ ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ሁሉም ጠፋበት።

«እወድሻለሁ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አላት። «ከመጣሽበት ሳምንት ጀምሮ። አጥፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን እወድሻለሁ።»

 ጠረጴዛውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«አውቅ ነበር» አለች። «ደረጃው ላይ ስትቆም ለምን እንደምትቆም የማላውቅ ይመስልሃል? አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሳትዋሸኝ መልስልኝ። እኔን ካቴና አስገብተው ቢወስዱኝ ኖሮ፣ ‹አይደለችም፣ አትወስዷትም› ብለህ ትነሳ ነበር?»

ትንሹ አፉን ከፈተ። አዎ ማለት በቀለለው ነበር። ግን ያ ቀን መጣበት፤ በፍርሃት የሸሸው ስኒ፣ በስልክ የሰጠው ስም፣ የገዛ ጩኸቱ። ደግሞም በእሱና በፖሊሱ መሃል ገብታ በሁለት እጇ የሸፈነችው አሮጊት መጣችበት።

«አልነሳም ነበር» አለ።

«ስላልዋሸኸኝ እግዜር ይስጥህ» አለች። ዓይኗን ጠረገች። «ሥራህ አለ፤ አጎትህ እንዳሉት አይነካብህም። ቤቱ ውስጥ ግን አብረን መኖር አንችልም። አንተም አትችል፣ እኔም አልችል።»

በማግስቱ ዕቃውን በአንድ ሻንጣ ይዞ ከመጋዘኑ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራየ። እሁድ ሲደርስ ለእስረኛ ምሳ ማድረስ የሚችለው እሱ ብቻ መሆኑ ትዝ አለው። ምድጃ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ሰው ሩዝ ቀቀለ፤ ግማሹ አረረ፣ ግማሹ ጥሬ ቀረ። ያንኑ በሳህን ከድኖ ሄደ።

እስር ቤቱ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ተራው ሲደርስ አክስቱን በሽቦው ማዶ አመጧት። ከስታለች፤ የለበሰችው ልብስ ሰፍቷታል። ስለ ፍርዱ አልጠየቀችም፣ ስለ ቤቱም አልጠየቀችም። ሳህኑን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች፣ ያረረውን ሩዝ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን መረመረች።

«አንተስ በልተሃል?» አለችው።

«በልቻለሁ» አላት። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር።